የጠራዡ ወንበር

የሰፈሩ ሰው መርፌ ይላታል። እሷ ስለ ሥራዋ ይመስላታል፤ መጽሐፍ ጠራዥ ናትና ቀኑን ሙሉ መርፌና ክር ከእጇ አይለይም። እውነቱን ደፍሮ የነገራት የለም እንጂ ስሙ የወጣላት ከጎን ስትታይ ስለምትጠፋ ነው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ቀሚሶቿን ሦስት ጊዜ አስጠብባለች። ቀበቶዋ ላይ ራሷ በወስፌ የበሳቻቸው ቀዳዳዎች ፋብሪካው ከበሳቸው በልጠዋል።

ብዙ ሐኪም አየች። አንዱ ጨጓራ ነው አለ፣ አንዱ ጭንቀት ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ምን ቸገረው፣ ባል አግቢ አላት። የመጨረሻው ግን ደሟን አስመረመረ፣ በአፏ ቱቦ አስገብቶ አንጀቷን አየ፣ ከዚያ ስሙን ነገራት። ሴሊያክ።

«ስንዴና ገብስ ላንቺ መርዝ ነው» አላት። «ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ፍርፋሪው ሳይቀር። አንጀትሽን የሚልጠው እሱ ነው።»

«ከሰው ተጋብቶብኝ ነው?»

«አይጋባም። በደምሽ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነገር ነው፤ ጊዜው ደረሰና ነቃ። ስንዴ ካላገኘ መልሶ ይተኛል።»

ተኝቶ የኖረ ነገር። ይህቺ ቃል እስከ ቤቷ ድረስ ተከተለቻት። መንገዱን ሁሉ ሆዷን እንደ ሕፃን ደግፋ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ነው የሄደችው።

ዳቦን ተወችው። እንደ ፈታችው ባል ነው የተወችው፤ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሽታው ሲጠራት ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ድንች በላች፣ እንቁላል በላች፣ ሩዝ በላች፣ እንደገና ድንች በላች። ከሦስት ወር በኋላ ደሟ ሲታይ የበሽታው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ በመነጽሩ አናት አያት።

«በደንብ አስቢ» አላት። «የሆነ ቦታ ስንዴ እየገባ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አንጀትሽ ምንም መቀበል ያቆማል። ያኔ እኔም የምሰጥሽ ነገር የለኝም።»

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነገሩን በራሷ መንገድ ያዘችው። ይህቺ እህት በአውቶብስ ጣቢያ በር ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሴት ተጓዦችን ስትፈትሽ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ጡረታው እሷን እንጂ እጇን አላሳረፈውም።

«አፍሽን ክፈቺ!» ትላለች፣ መርፌ ገና ከበሩ ሳትገባ።

«እትዬ፣ እባክሽ ደክሞኛል።»

«ክፈቺ ብያለሁ! ስንቱን ጉድ ከጡት መያዣ ውስጥ ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ እኔን ማታለል አይቻልም። ሃ በይ።»

«ሃ።»

«ሽንኩርት። ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪኛ።»

አንድ ቀን ይባስ ብላ መጠረዣ ቤቱ ድረስ መጣች። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበች፣ በተጠቀለለው ቆዳ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ከመጭመቂያው ብረት ሥር ተንበርክካ አየች። መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቅ ቆርቆሮ ከፈተችና «ይሄስ?» አለች። «የሙጫ ነው።» «እሺ» ብላ ከደነችው፤ ከኋላው ብስኩት ተደብቆ እንደሆነ ለማየት ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ምንም የለም። ስትወጣ ግን ደጃፉ ላይ እንደ ድሮዋ ተገትራ ቆመችና፣

«ሰው እኮ ከራሱም ይደብቃል» አለቻት።

ነገሩ መርፌ ልብ ውስጥ አደረ። ሰው ከራሱ ይደብቃል? በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች ትበላ ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ትራሷን አንስታ ፍርፋሪ መፈለግ ሆነ። የሆነ ነገር አጥታ አታውቅም፣ ፍርፋሪ ግን አግኝታ አታውቅም፤ ነጭ ክር፣ የቆዳ ብናኝ፣ አንዳንዴ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነጭ ቅርፊት በጥፍሯ ሥር።

ያዘነችላት የክሊኒኩ ነርስ ናት። በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ጽፋ ሰጠቻት፦ «እንዳንቺ ያሉ ሰዎች አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ የድሮው ራጅ ክፍል። እርስ በርስ ይረዳዳሉ።»

የድሮው ራጅ ክፍል መስኮቶቹ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ራጁ ከሄደ በኋላም የፋቃቸው የለም። ውጪ ፀሐይ አናት ትበሳለች፣ ውስጥ አንዲት አምፖል ትበራለች። በሩ ከባድ ነው፣ ሲዘጋ የመንገዱን ድምፅ ቆርጦ ያስቀረዋል። አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው፣ እያንዳንዳቸው ጭናቸው ላይ ደብተር አድርገው ተቀምጠዋል። አያወሩም። በአምፖሏ ብርሃን ፊታቸው ወረቀት መስሏል፤ መርፌ ደግሞ ወረቀት ታውቃለች፣ ጥሩው ዓይነት አልነበረም። ስድስተኛ ወንበር ባዶ ነበር። እሷም ሰው ናት፣ ሄዳ ተቀመጠችበት።

አምስቱም እኩል ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ምነው? ሰው አለበት እንዴ?» አለች፣ ብድግ ልትል።

«ተቀመጪ» አሉ ሰብሳቢዋ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ድምፃቸው ጠመኔ በሰሌዳ ላይ ሲሄድ ይመስላል። «ተቀመጪ ልጄ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጠራዥ ነኝ። መጽሐፍ እጠርዛለሁ።»

ከጎኗ ከነበረው ቁልፍ ሠሪ እጅ ኩባያ አመለጠ። የሚያነሳው ጠፋ፣ እየተንከባለለ ሄዶ ከባዱ በር ሥር ቆመ።

«ከማን ተማርሽው?»

«ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ የነበሩት ሽማግሌ ጠራዥ ናቸው ያስተማሩኝ። አባባ ነበር የምላቸው። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ሲያርፉ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። ሁለት ዓመት ሆናቸው።»

መምህርት ጣቶቿን ረጅም ጊዜ አዩ። «የተቀመጥሽበት የእሱ ወንበር ነው» አሉ በመጨረሻ። «አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።»

መርፌ ወንበሩ ሲቀዘቅዛት ተሰማት። አባባ? ምሳቸውን ግድግዳ ወደሚያይ ጥግ ዞረው ይበሉ የነበሩት? እሷ ንፉግ ናቸው ብላ ስንቴ አምታቸዋለች! ማክሰኞ ማክሰኞ «ቆዳ ልይ» ብለው ወጥተው ሁልጊዜ ያለ ቆዳ ይመለሱ የነበሩት? መንምነው መንምነው ሲሄዱ እርጅና ነው ብላ ነበር። አሁን በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው መጭመቂያ፣ በእሳቸው ወንበር፣ በእሳቸው በሽታ ተቀምጣለች። አይጋባም ያለውን ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረችው።

ሰዎቹ ግን ሲቀርቧቸው ደጎች ነበሩ። ከሐኪሙ ያልሰማችውን ሁሉ አስተማሯት፤ ለብቻዋ ድስት፣ ለብቻዋ ማንኪያ፣ ለብቻዋ መክተፊያ እንዲኖራት፤ የትኛው ሱቅ ሩዙን ከዱቄት አርቆ እንደሚያስቀምጥ፤ የመድኃኒት እንክብል ውስጥ ሳይቀር ስንዴ እንደሚገባ።

«የሚስምሽንም ሰው ዳቦ በልቶ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ» አላት ቁልፍ ሠሪው።

«የሚስመኝ ላግኝና ጥያቄው አይቸግረኝም» አለች። ያ ክፍል ከሳቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ፤ ሳቁ ወጥቶ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ራሳቸው ደነገጡ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። በጉሮሮ የወረደ ነገር ሁሉ፣ ውሃም ቢሆን፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ማክሰኞ ጮክ ተብሎ ይነበባል። መርፌም ጻፈች፤ አንዲት ጉርሻ አላስቀረችም። ደሟ እንደገና ሲታይ ግን ቁጥሩ ጭራሽ ከፍ ብሎ ነበር።

መምህርት ወረቀቱን አይተው አጠፉት። «ይህን ፊት አውቀዋለሁ» አሉ። «በዚሁ ወንበር ላይ አይቼዋለሁ። ልጄ፣ እዚህ የምንተርፈው እውነት ስለምንናገር ብቻ ነው። አንድ ሰው በዋሸ ቁጥር ሌሎቹም ከስንዴ መራቁ አያድነንም ብለው ያስባሉ። የሚቀጥለው ማክሰኞ እውነቱን ይዘሽ ነይ። ካልያዝሽ አትምጪ።»

እሷ ምን ትበል? እህቷ አታምናትም፣ ሐኪሙ አያምናትም፣ አሁን እነዚህም አላመኗትም። ግቢው ውስጥ የውሃ ጋኑን ተደግፋ ስታለቅስ ቁልፍ ሠሪው ተከትሏት መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«መምህርት ክፉ አይደሉም» አለ ዞር ዞር ብሎ እያየ። «አባባንም እንዲሁ ነው ያሏቸው። ቁጥራቸው አልወርድ ሲል ተደብቀው ዳቦ ይበላሉ ተባለና ቀሩ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ በዝናብ መጡ። ከበሩ ውጪ ሆነው "ተሽሎኛል፣ መዝገቤን እዩልኝ" አሉ። መምህርት አልከፈቱም።»

«እናንተስ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ተቀምጠን ሰማን። በሩ ከባድ ነው፣ ግን ያሰማል። ስንወጣ እሳቸው የሉም፤ መዝገቡ ደረጃው ላይ ውሃ ጠጥቶ ተዘርግቷል፤ አንስቼ አቆየሁት፣ ይኸው። በሳምንቱ በሳንባ ምች ሞቱ አሉን። ድሮም አቅም አልነበራቸውም፣ እንደ ላባ ነበሩ።»

«አነበብከው?»

«ማን ደፍሮ? ደግሞም ተጣብቋል። አንቺ ጠራዥ ነሽ፤ እንግዲህ ቢያንስ ጠርዘሽ ልብስ አልብሺልን።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰማዩ ተደፍቶ ነበር። መጠረዣ ቤቱ በቀን አምፖል የሚያስፈልገው ሆነ። መርፌ እንደ ዘወትሯ ውሃ ጣደች፣ ከቆርቆሮው ሁለት ማንኪያ ጨመረች፣ እያማሰለች ሙጫዋን አብስላ እንዲበርድ ከጎኗ አስቀመጠች። ከዚያ መዝገቡን ከላስቲኩ አወጣችው። ገጾቹን በእንፋሎት አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ሲላቀቁ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ከንፈሩን ሲያላቅቅ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማሉ።

የአባባን ጽሕፈት ወዲያው ለየችው።

«ጠዋት፦ ሩዝ። ቀትር፦ ድንች፣ እንቁላል። ማታ፦ ሩዝ። ሆዴ አላመነኝም።»

እጇ ቆመ። ተነስታ የራሷን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣችና የትናንት በስቲያውን ገለጠች። «ጠዋት፦ ሩዝ። ቀትር፦ ድንች፣ እንቁላል። ማታ፦ ሩዝ። ሆዴ አላመነኝም።» ያቺ የመጨረሻዋ ቃል የራሷ ትመስላት ነበር፤ ማንም ሲላት ሰምታ አታውቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ገለጠች፤ ድንች። ገለጠች፤ ሩዝ፣ የጎመን ውሃ፣ ሆዴ ጮኸ። አንድ ወር፣ አንድ ዓመት። የሞተ ሰው መዝገብ ሳይሆን የነገዋን፣ የከነገ ወዲያዋን ቀን የምታነብ መሰላት። ዳቦ የሚል ቃል አንድ ቦታ የለም። ውሃ ያጠፋው ካልሆነ ብላ የታጠበውን ገጽ ወደ አምፖሉ ይዛ አየች፤ እዚያም የለም።

መጨረሻው አካባቢ ጽሕፈቱ ተንቀጠቀጠ።

«አፌ ስለ ቆሰለ ቅምሻውን ከዛሬ ጀምሮ ለልጅቷ ሰጠኋት።»

ልጅቷ። መርፌ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች፤ የአባባ መጎናጸፊያ ብቻ በሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ሆዴ ዛሬ ዝም አለ።»

«ዛሬም ዝም አለ። ምን እያሰበ ይሆን?»

«የፖስታ ቤቱን ደረጃ ሳልቆም ወጣሁ።»

«እኔ እየበረታሁ ነው። ልጅቷ ግን ገርጥታለች። ይህ ነገር ከእኔ ወጥቶ ወደ እሷ ሄደ ይሆን? እግዜር አያድርገው። አልነግራትም።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ለመምህርት እነግራታለሁ። በምን ዳንክ ብትለኝ ምን እላለሁ? የተውኩት ነገር የለም። የጨመርኩት ነገር የለም።»

ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከእኔ ወጥቶ ወደ እሷ። እንግዲያው ዕጣ ፈንታዋ ነው፤ እሷም እስክታልቅ ትጽፋለች፣ ከዚያ ሌላ ልጅ ይመጣል፣ ወንበሩም አይከፋውም። ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ፣ እጇ የለመደውን ሊያደርግ ወደ ድስቱ ሄደ። ሌባ ጣቷ ሙጫው ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ምላሷም ሊቀበለው ወጣ።

እዚያ ላይ ቆመች። ጣቷ ከአፏ ፊት፣ ምላሷ ውጪ፣ ልክ እንደ ሞኝ።

ቅምሻውን ለልጅቷ ሰጠኋት።

የዱቄት ሙጫ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ ሙጫ ደግሞ ቆዳ ያበላሻል፣ ወረቀት ላይም ነፍሳት ይጠራል። «አፍንጫ ይዋሻል፣ ምላስ ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር አባባ። ስለዚህ ሲበስል ይቀመሳል፣ ሲበርድ ይቀመሳል፣ ከምሳ በኋላ ይቀመሳል፣ ለነገ ይደር አይደር ለማወቅ ማታ ይቀመሳል። ቅምሻ እንጂ መብላት አይደለም። በሙጫ የራሰ አውራ ጣቷን እየላሰች የመጽሐፍ ቅጠል የምትቆጥረውማ ቁጥር የለውም። ከቆርቆሮው የሚወጣው ምርጥ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። አባባ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ሳይቀር ሲጽፉ እሱን አልጻፉትም። እሷም አልጻፈችውም። ስንቱን የፈተሸች እህቷ እንኳ በእጇ ገፍታ ከኋላው ብስኩት ፈለገች። ሙጫ ነዋ! ሙጫን ማን ምግብ ነው ይላል?

አባባ የዳኑት ቅምሻውን ሲያስረክቧት ነው፤ ግን በሽታቸውን አላወረሷትም። እሷ ያኔ በቀን ሁለት ዳቦ ትገምጥ ነበር፤ የተኛባት ነገር በራሱ ጊዜ ነቅቶባታል፣ ሐኪሙ እንዳለው። ዳቦውን ከተወች በኋላ ግን እንዳይተኛ እየቀሰቀሰች ያቆየችው ራሷ ናት፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ፣ በገዛ ጣቷ።

አፏን ሰባት ጊዜ ተጉመጠመጠች። ድስቱን፣ ብሩሹን፣ ቆርቆሮውን ከነክዳኑ ሰብስባ አወጣች፤ ጠረጴዛውን ወለሉን አጠበች። መዝገቡን የጠረዘችው በበቆሎ ስታርች ሙጫ ነው። ሲበስል አሸተተችው እንጂ አልቀመሰችውም። ምላሷ ግን ከጥርሷ ኋላ ሆኖ ሲጠብቅ ይሰማት ነበር፤ እንደ ሰው ነው የሚጠብቀው።

ማክሰኞ ደረሰ። ከባዱ በር ተዘጋ። አምስቱ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«እውነቱን ይዘሻል?» አሉ መምህርት።

«ይዣለሁ። የሁለታችንንም።»

መዝገቡን ስታወጣ መምህርት አወቁት፤ አዲስ ልብስ ቢለብስም አወቁት። መርፌ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበበች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ መስመር ሳትዘል። ከዚያ ጣቷን አንስታ አሳየቻቸውና ነገረቻቸው።

ሁሉም የየራሱን እጅ ማየት ጀመረ። አንዷ ሴት ጥፍሮቿን ወደ አምፖሉ አስጠግታ አገላበጠች። ቁልፍ ሠሪው፣ ሲሠራ ቁልፍ በጥርሱ የመያዝ ልማድ ነበረው፣ ከንፈሩን በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገ።

መምህርት ተነሱ። በሩን በሁለት እጃቸው ገፍተው ከፈቱትና ደፉ ላይ ቆመው ደረጃውን አዩ። ዝናብ አልነበረም። የመንገዱ ድምፅ ገባ፤ መኪና፣ ሻጭ፣ የሚሳሳቅ ሰው።

«ልሂድላቸው?» አለች መርፌ በሹክሹክታ።

«ተያቸው» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ቆይተው ተመለሱ። በሩን ግን አልዘጉትም። ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንብቢ» አሉ።

«የቱን? አነበብኩት እኮ።»

«ከመጀመሪያው። ሁሉንም። ያኔ ሲያነብልን አላደመጥነውም።»

ወፍራም መዝገብ ነው። መርፌ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። «ጠዋት፦ ሩዝ። ቀትር፦ ድንች። ማታ፦ እንቁላል» አለችና ወደሚቀጥለው መስመር ልታልፍ ስትል፣

«ሙጫ» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ለራሱ ያህል።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ጠዋት፦ ሩዝ። ቀትር፦ ድንች፣ ጎመን። ማታ፦ ሩዝ።»

«ሙጫ» አሉ አሁን ሁለት ሆነው።

ቀጠለች። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን፤ ከእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ሳይጽፉት የቀሩትን እየጨመሩ፣ ሦስት ሆኑ፣ አራት ሆኑ። መምህርት አፋቸውን ከፍተው ይዘጋሉ። የተከፈተው በር ብርሃን ወለሉ ላይ እየተሳበ ከጫማቸው ደረሰ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ በመዝገቡ አቆጣጠር፤ አንድ ወር ሊሞላ ሆነ።

«ማክሰኞ። ጠዋት፦ ሩዝ። ቀትር፦ ሩዝ። ማታ፦ ምንም። ሆዴ አላመነኝም፤ እነሱም አላመኑኝም።»

አራቱ ቃሉን ለመምህርት ተዉላቸው፤ እየጠበቁ ነው።

«ሙጫ» አሉ መምህርት።